ቀስቱ ወዴት ነው? የፊልትሮ መግቢያና መውጫ

በሊበንና በዱርቤቴ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም፣ በየገጠር ቀበሌውም ያላችሁ የወፍጮ ቤት ባለቤቶች፣ የባጃጅና የአይሱዙ አሽከርካሪዎች፣ በውኃ መሳቢያ ሞተር መስኖ የምታለሙ አርሶ አደሮች፣ በየጋራዡ ሙያ የምትለምዱ ወጣቶች፣ የዛሬው ዝግጅት ስለ ፊልትሮ ነው። ፊልትሮ በስንት ጊዜ ይቀየር የሚለው ደጋግሞ የተነገረ ስለሆነ እሱን ለዛሬ እናቆየው። የምንነጋገረው ብዙ ሰው ስለማይጠይቀው ነገር ነው፦ ዘይቱ፣ ናፍጣው፣ አየሩ ፊልትሮው ውስጥ በየት ገብቶ በየት ይወጣል? ተገልብጦ ቢገጠምስ ምን ይመጣል?

ከትንሿ እንጀምር። ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ያላችሁ የነዳጇን ፊልትሮ ታውቋታላችሁ። ውስጧ የሚታይ ፕላስቲክ ናት፤ በሁለቱም ጫፍ ቱቦ የሚሰካበት አፍንጫ አላት። ሁለቱ አፍንጫዎች በውፍረትም በርዝመትም አንድ ስለሆኑ ወዲህም ወዲያም ብትዞር ልክ ትገባለች። ስለዚህም ነው ፋብሪካው አካሏ ላይ ቀስት የሚያትመው። የቀስቱ ጫፍ ነዳጁ ወደሚሄድበት ያመለክታል፤ ጅራቱ ወደ ታንከሩ፣ ጫፉ ወደ ሞተሩ ይሆናል ማለት ነው።

ታዲያ አንዳንድ ሰው “እኔ ገልብጬ ገጥሜያት ሞተሩ አንድም ነገር አልሆነም” ይላል። አልዋሸም። ሞተሩ ይነሳል፣ ይሠራል፣ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ተገልብጦ የተገጠመ ፊልትሮ በዚያው ቀን ሞተር አያቆምም። አታላይነቱም ይኸው ነው፤ ጉዳቱ ሲመጣ ጊዜው ስለሚርቅ ጥፋቱ በነዳጁ ወይም በመካኒኩ ይላከካል።

ምክንያቱን ለማየት ፊልትሮዋን እንክፈታት። በውስጧ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ወረቀት ክብ ሆኖ ቆሟል። የተጣጠፈው ቦታ ለመቆጠብ ነው፤ ተዘርግቶ ቢለካ ከዕቃው ብዙ እጥፍ ስፋት አለው። ነዳጁ መጀመሪያ የሚገባው በፕላስቲኩ ግድግዳና በወረቀቱ መካከል ወዳለው ክፍት ቦታ ነው። ከዚያ በወረቀቱ በኩል ከውጭ ወደ ውስጥ ይሰርግና በመሃል ባለው ባዶ ቦታ ተሰብስቦ ይወጣል። ቆሻሻው የሚቀረው በወረቀቱ ውጫዊ ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ በፕላስቲኩ በኩል ስታዩ ዝገቱና አሸዋው ይታያችኋል፤ መቀየሪያዋ መድረሱንም ታውቃላችሁ።

አሁን ገልብጡት። ነዳጁ በመሃል ገብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ቆሻሻው መሃል ላይ ይከማቻል፤ ያ ቦታ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ቶሎ ይሞላል። ከውጭ ስታዩ ወረቀቱ ንጹሕ ይመስላል፤ “ገና ናት” ብላችሁ ታልፏታላችሁ። ሦስተኛው ነገር ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። ብዙ ፊልትሮዎች ውስጥ በወረቀቱ መሃል ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ወይም የብረት ቱቦ ይቆማል። ሥራው ወረቀቱን መደገፍ ነው፤ ግፊቱ ከውጭ ሲመጣ ወረቀቱ ቱቦው ላይ ይደገፋል። ግፊቱ ከውስጥ ከመጣ ግን ወረቀቱ ከኋላው የሚይዘው የለም። ይነፋል፣ እጥፋቱ ይላላል፣ ጫፉ ላይ የተጣበቀበት ማጣበቂያ ይለቃል። አንዴ ከተቀደደ ፊልትሮ አለ ማለት አይቻልም፤ ቱቦ ብቻ ነው የቀረው።

ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ስለ አቅጣጫ ስታስቡ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ቆሻሻው የት ይቀራል? ወረቀቱን ማን ይደግፈዋል? የሁለቱን መልስ ያገኘ ሰው ቀስቱ ቢጠፋ እንኳ አይሳሳትም።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ይህ ነገር ከከተማ ይልቅ ይብሳል። ማደያ በሌለበት ናፍጣና ቤንዚን በበርሜልና በጀሪካን ይጓዛል። ጀሪካኑ ትናንት ምን እንደያዘ ማን ያውቃል? በርሜሉ ውስጡ ይዝጋል፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በባዶው ክፍል ያለው እርጥበት ጤዛ ሆኖ ወደ ናፍጣው ይወርዳል። ፊልትሮው ሞተሩን የሚጠብቀው ከዚህ ሁሉ ነው።

ናፍጣን ካነሳን ትንሽ እንቆይበት። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ ይበልጥ ስስ ነው። ማይክሮን የሚባል መለኪያ አለ፤ አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሺህ ሲከፈል አንዱ ማለት ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ይሆናል። የናፍጣ ፓምፑና የኖዝሉ ተንሸራታች ክፍሎች የሚለያያቸው ክፍተት ግን ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ዓይናችሁ የማያየው የአሸዋ ብናኝ እዚያ ሲገባ እንደ ሞረድ ይፍቃል። በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ የነዳጁ ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስ ይቅርታ የለም፤ ኖዝል ማስቀየር ምን ያህል እንደሚያስወጣ የከፈለ ያውቀዋል።

ብዙ የናፍጣ ሞተሮች ሁለት ፊልትሮ አላቸው። አንደኛው በታንከሩና በመሳቢያው ፓምፕ መካከል ነው፤ ነዳጁ በዚህ የሚያልፈው እየተሳበ ስለሆነ ሰፋ ያለ ማጣሪያ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ከሥሩ ውኃ የሚጠራቀምበት ብልቃጥ አለው። ሁለተኛው ከፓምፑ በኋላ ነው፤ እዚህ ነዳጁ እየተገፋ ስለሚያልፍ ወረቀቱ ደቃቅ ነው። ሁለቱ ቦታ መለዋወጥ የለባቸውም። ደቃቁ ከፊት ቢቀመጥ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል፤ በትንሽ ክፍተት በኩል አየር ይገባና ሞተሩ ይንፈራገጣል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፤ ከሥር ያለችውን መክፈቻ ላላ አድርጋችሁ ውኃውን በየጊዜው አፍስሱ። በክረምት ቶሎ ቶሎ ቢሆን ይመረጣል።

አንድ የሚያሳስት ነገር ልጨምር። የናፍጣ ሞተር የማይፈልገውን ትርፍ ነዳጅ ወደ ታንከሩ ይመልሳል። ስለዚህ ከታንከሩ የሚመጣና ወደ ታንከሩ የሚመለስ ሁለት ቱቦ አለ፤ በፊልትሮው ራስ ላይ ጎን ለጎን ሊገኙም ይችላሉ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አትፍቱ። ግድ ከሆነ ከመፍታታችሁ በፊት በአንዱ ላይ ቀለም ቀቡ ወይም ክር እሰሩ። ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላም መስመሩ ውስጥ የገባው አየር በእጅ ፓምፑ ተገፍቶ መውጣት አለበት፤ አረፋው ቆሞ ጥርት ያለ ናፍጣ እስኪፈስ ድረስ።

ወደ ዘይት ፊልትሮ እንሂድ። ይህችን እንደ ቆርቆሮ ጣሳ የምትመስለውን፣ በእጅ ተጠምዝዛ የምትገጠመዋን ማለቴ ነው። ጥርሷ አንድ ብቻ ስለሆነ ተገልብጣ ልትገጠም አትችልም። ስለ አቅጣጫዋ ማወቅ ለምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። አሮጌ ካላችሁ አንሷትና ፊቷን ተመልከቱ። በዙሪያዋ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ በመሃል ጥርስ ያለው ትልቅ ቀዳዳ አለ። ዘይቱ በየትኛው ይገባል? ብዙ ሰው በትልቁ ይላል። አይደለም፤ በዙሪያው ባሉት ትንንሾቹ ነው የሚገባው፤ ከዚያ እንደ ነዳጇ ፊልትሮ ከውጭ ወደ ውስጥ በወረቀቱ ሰርጎ በመሃሉ ይወጣል።

በትንንሾቹ ቀዳዳዎች ቀጭን ነገር አስገብታችሁ ብትነኩ ላስቲክ ታገኛላችሁ። ላስቲኩ ዘይት ሲመጣ ይከፈታል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ይዘጋል። ፊልትሮዋ በጎኗ ወይም ተደፍታ በምትገጠምባቸው ሞተሮች ላይ ይህ ላስቲክ ከሌለ ሌሊቱን ዘይቱ ወደ መጣበት ፈስሶ ጠዋት ፊልትሮዋ ባዶ ትሆናለች። ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ብሮንዚኖቹ ጋ እስኪደርስ ድረስ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ጠዋት ጠዋት ብቻ ለጥቂት ሴኮንድ የሚያንኳኳ ሞተር ካላችሁ ሌላ ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ይህን ላስቲክ ጠርጥሩ። ሲያረጅና ሙቀት ሲበዛበት ይደርቃል። በርካሽ የተሠሩት ላይ ደግሞ ከመነሻውም ደረቅ ነው።

ሌላም በር አለ። በውስጧ በሞላ የተያዘ ትንሽ ክዳን አለ፤ በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ብዙውን ጊዜ 1 ባር አካባቢ ሲደርስ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። በእንጅባራና በጥሊሊ ብርድ ጠዋት መኪና ያስነሳ ሰው ዘይቱ ምን ያህል እንደሚወፍር ያውቃል፤ ያን ጊዜ ክዳኑ ለአጭር ጊዜ ይከፈታል። ወረቀቱ በቆሻሻ ሲደፈንም እንዲሁ። ሞተሩን የነደፉት ሰዎች ዘይት ከሚጠፋ የቆሸሸ ዘይት ይሻላል ብለው የወሰኑት ውሳኔ ነው፤ እኔም ልክ ነበሩ እላለሁ። ነገር ግን በጊዜው ያልተቀየረች ፊልትሮ ያለ ምንም ምልክት ሥራ ማቆሟን ልብ በሉ። ሞተሩ ይሠራል፣ የዘይቱ መብራት አይበራም፣ የሚዞረው ዘይት ግን አይጣራም።

በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ይህ ክዳን ፊልትሮዋ ውስጥ ሳይሆን ሞተሩ አካል ላይ ነው የተሠራው። ስለዚህ ሱቅ ሄዳችሁ “ጥርሷ ከገባ ይበቃል” አትበሉ። ሁለት ፊልትሮ በጥርስም በመጠንም አንድ ሆነው ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል። የሚታመነው ቁጥሩ ነው፤ አሮጌዋ ላይ ያለውን ቁጥር ጽፋችሁ ሂዱ። በነገራችን ላይ፣ መኪኖች ድሮ ከወንፊት ብረት በስተቀር የዘይት ማጣሪያ አልነበራቸውም፤ አሜሪካዊው ኧርነስት ስዊትላንድ እ.ኤ.አ. በ1923 የዘይት ማጣሪያ ፈጠራውን አስመዘገበ፤ ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የተለመደው።

የአየር ፊልትሮ ደግሞ ለወፍጮ ቤቶች ዋና ጉዳይ ነው። የወፍጮ ሞተር የሚቆመው በዱቄት ብናኝ መካከል ነው፤ ከጥቅምት ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የመንገዱ አቧራና የአውድማው ብናኝ ይጨመርበታል። ክብ የሆነው የአየር ፊልትሮም ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚስበው፤ አቧራው በውጭው ገጽ ላይ ይቀራል። እንግዲህ ሲጸዳ ተቃራኒውን ማድረግ ነው። ኮምፕሬሰሩ አየሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ይንፋ። ከውጭ የሚነፋ ሰው አቧራውን ወረቀቱ ልብ ውስጥ እየቀረቀረው ነው፤ ሲያየው ግን የጸዳ ይመስለዋል። ግፊቱም ከ2 ባር ባይበልጥ፣ አፈሙዙም ከወረቀቱ ራቅ ቢል ጥሩ ነው።

ፊልትሮን መሬት ላይ ወይም ድንጋይ ላይ እየመቱ ማራገፍ የተለመደ ነው። ይቅርባችሁ። ዳር ዳሩ ያለው ማሸጊያ ይጣመማል፤ ከተጣመመ በኋላ አየሩ ወረቀቱን ትቶ በጎን ይገባል፤ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን የሚበላው ይህ ያልተጣራ አየር ነው። ከነፋችሁ በኋላ ፊልትሮውን ጨለማ ቤት ውስጥ አስገቡና የእጅ ባትሪ ከውስጡ አብሩ። በሁሉም በኩል ደብዘዝ ያለ ብርሃን ቢታይ ደህና ነው። እንደ መርፌ ቀዳዳ ደማቅ ነጥብ ከታየ ተቀዷል፤ አትመልሱት። አሮጌ የወፍጮ ሞተሮች ላይ ያለው ዘይት የሚቀዳበት የአየር ማጽጃ ሌላ ነው፤ አየሩ በመሃል ቱቦ ወርዶ ዘይቱ ላይ በድንገት ይታጠፋል፤ የሚከብደው አቧራ መታጠፍ ስለማይችል ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። እዚያ ላይ ዘይቱን ከምልክቱ በላይ አትሙሉ፤ ሞተሩ ይስበዋል።

እስካሁን የጠቀስናቸው የወረቀት ፊልትሮዎች ሁሉ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚያጣሩት። ታዲያ ይህን ደንብ አድርጎ መሸምደድ አይቻልም ወይ? አይቻልም። ቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካም እዚያው ነው። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ለመቀጠር የምታስቡ ወጣቶች ብዙ ዓይነት ማጣሪያ ይገጥማችኋል። አንዱ የከረጢት ማጣሪያ ነው። ፈሳሹ ከላይ ወደ ከረጢቱ ውስጥ ይገባና ወደ ውጭ ይሰርጋል፤ ከረጢቱ ደግሞ ከውጭ በኩል በቀዳዳ ብረት ቅርጫት ተደግፏል። አቅጣጫው ከዘይት ፊልትሮ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው። ግን ሁለቱን ጥያቄዎች መልሱ፦ ቆሻሻው ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል፤ ሲወጣ ከከረጢቱ ጋር አብሮ ይነሳል፤ ጨርቁን ቅርጫቱ ይደግፈዋል። ትክክል ነው።

የምግብ ዘይት ሲነጣ ደግሞ ልዩ ዓይነት ሸክላ ዱቄት ይጨመርበትና ቀለሙን ከሳበ በኋላ ይጣራል። በብዛት የሚሠራበት መሣሪያ ውስጥ በረድፍ የቆሙ የሽቦ ወንፊት ገበታዎች አሉ። ዘይቱ ከገበታው ውጭ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ሸክላው በገበታው ላይ ይጋገራል። የመጀመሪያው ዘይት ደፍርሶ ስለሚወጣ ተመልሶ እንዲዞር ይደረጋል፤ ሸክላው ራሱ ማጣሪያ እስኪሆን ድረስ ማለት ነው። በመጨረሻ ገበታዎቹ ሲንቀጠቀጡ የተጋገረው ይረግፋል። የዱቄት ፋብሪካ የብናኝ ከረጢቶችም ብናኙን በውጭ ገጻቸው ይይዛሉ፤ በየጥቂቱ ከውስጥ በኩል የታመቀ አየር ሲለቀቅባቸው ያራግፋሉ። የትራክተር የሃይድሮሊክ ዘይት ሲመለስ የሚያልፍበት ፊልትሮም ብዙ ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ስታወጡት ቆሻሻው አብሮ እንዲወጣ እንጂ ታንከሩ ውስጥ እንዳይፈስ ነው።

በየቤታችሁ ያለው ነጭ የሸክላ ሻማ ያለው የውኃ ማጣሪያ ከዘይት ፊልትሮ ጋር አንድ ነው፤ ውኃው ከሻማው ውጭ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ስለዚህ የሚቦረሸው ውጭው ነው። የከተማ ውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ላይ ያለው የአሸዋ ገንዳ ከላይ ወደ ታች ያጣራል፤ ሲቆሽሽ ውኃው ከታች ወደ ላይ ይለቀቅበትና እጣቢው በላይ በኩል ይወገዳል። ከሊበን ብዙም በማይርቀው በቁንዝላ የጣና ውኃ ወደ በለስ የኃይል ማመንጫ ይገባል፤ ጣቢያው በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነበር። እንዲህ ያለ ትልቅ የውኃ መግቢያ ፊት ላይ የሚቆመው የብረት ፍርግርግም ሥራው ይኸው ነው፤ ግንዱና አረሙ ሰው ወይም ማሽን ደርሶ ሊጠርገው በሚችልበት በፊት ለፊት በኩል እንዲቀር።

ወደ ባጃጇ እንመለስና ቀስቱ የጠፋ ወይም ያልታተመ ፊልትሮ ሲገጥማችሁ ምን ይደረግ? ወደ ብርሃን ያዟት። አንዱ አፍንጫ የሚከፈተው በወረቀቱና በፕላስቲኩ መካከል ወዳለው ቦታ ነው፤ ሌላው በቀጥታ ወደ ወረቀቱ መሃል። የመጀመሪያው የታንከሩ፣ ሁለተኛው የሞተሩ ነው። የትኛው ቱቦ ከታንከሩ እንደሚመጣ ለማወቅ በአፋችሁ ቤንዚን አትሳቡ፤ ቱቦውን በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ተከተሉት። ጥቂት ፊልትሮዎች ሁለት ጎናቸው አንድ ሆኖ ለሁለቱም አቅጣጫ የተሠሩ አሉ፤ እነሱን እንደወደዳችሁ መግጠም ትችላላችሁ።

አንድ ጊዜ ከሠሩ በኋላ ግን እነሱም አይገለበጡም። መንገድ ላይ ወደ ሞተሩ የሚደርሰው ነዳጅ ሲያንስ የተደፈነችውን ፊልትሮ ፈትቶ በተቃራኒው የሚገጥም ሰው አለ። ሞተሩ ወዲያው ይነቃቃል፤ ሰውየውም ዘዴ ያገኘ ይመስለዋል። ያልተራገፈ ወንፊት ገልብጦ ዱቄት ላይ መንፋት ማለት ነው፤ ለወራት የተያዘው ዝገትና አሸዋ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ካርቡራቶሩ ወይም ወደ ኖዝሉ ይሄዳል። መንገድ ላይ ከቆማችሁና ሌላ ከሌላችሁ ፊልትሮዋን ፈትታችሁ፣ በመውጫዋ በኩል ንጹሕ ነዳጅ አፍስሳችሁ በመግቢያዋ እንዲወጣ አድርጋችሁ እጠቧት፤ እጣቢውን በዕቃ ተቀበሉት እንጂ እርሻ ወይም ወንዝ ውስጥ አትድፉት። ከዚያ በቀስቱ አቅጣጫ መልሳችሁ ግጠሟትና አዲስ እስክታገኙ ድረስ ብቻ ተጠቀሙባት። አዲሷን ስትገጥሙ የተገጠመችበትን ቀንና ኪሎ ሜትር፣ ለወፍጮ ከሆነ ደግሞ የሠራበትን ሰዓት፣ በማይለቅ ቀለም አካሏ ላይ ጻፉ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ሞተር ውኃ ለምን እንደሚያፈላ እንነጋገራለን።